የተከሰሰች እናት

«ኦቲዝም» የሚለው ቃል ወደ ጎጃም ደጋ ከገባ ገና ቅርብ ነው። ልጆቹ ግን ከቃሉ በፊትም ነበሩ። በጮቄ ሥር ባሉ መንደሮች፣ በሲናን፣ በማቻከል፣ በጎዛምን ያደገ ሰው ልጅነቱን መለስ ብሎ ቢያስብ ቢያንስ አንዱን ማስታወሱ አይቀርም፤ ሲጠሩት የማይዞር፣ የሰው ዓይን የሚሸሽ፣ አምስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ፣ ወይም አንዲት ቃል ይዞ ውሎ በዚያችው ቃል የሚያድር፣ ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ፣ ጠጠር ሲደረድር የሚመሽበት ልጅ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር አንድ ነበር። እህል ሲወቃ አውድማው ዳር ቆሞ በሬዎቹ የዞሩትን ዙር ይቆጥራል፤ ከቁጥር በቀር ሌላ ነገር ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም። አንዳንዱ «የዋህ» ይለዋል፤ አንዳንዱ «ጅል»፤ ልቡ የራራ «የእግዜር እንግዳ»፤ ልቡ የጨከነ ደግሞ «ልክፍተኛ»።

ለልጁ ብዙ ስም ያወጣ መንደር ለእናቱ የነበረው ግን ክስ ብቻ ነው። እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ወርዳ ጋኔን መታት። የተሳለችውን ስለት ሳታስገባ ቀረች። በዓል ሽራለች። የአባቷ ዕዳ ነው፤ የእናቷ እርግማን ነው። የባል ወገኖችማ ፍርዱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሱታል፤ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም»። የአገራችን ሰው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ብሎ የሚተርተው ልጆች ከአንድ ማሕፀን ወጥተው የተለያዩ መሆናቸው ሲገርመው ነው። ዥንጉርጉርነቱ ከልክ ያለፈ ሲመስለው ግን መገረሙ ወደ ምርመራ ይለወጣል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ክሱ ራሱ ነው። ስለ ኦቲዝም በየመድረኩ ሲወራ የሚነሳው የማዕከል፣ የባለሙያና የገንዘብ ማነስ ነው፤ እውነትም ነው። ታሪኩን ገልጠው ሲያዩት ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚገኝ ነገር አለ። እናቲቱ ከክሷ ነጻ ሳትወጣ ለልጁ የረባ ነገር የተሠራበት አገር እኔ እስካሁን አላገኘሁም።

የጎጃም ወላጅ ደካማ ልጅ ሲሰጠው ምን ያደርግ እንደነበር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የማንኩሳዎቹ ባልና ሚስት ሕፃኑ በዛብህ ቢታመምባቸው ለእግዚአብሔር ተሳሉት። ልጁ በዚያ ስለት ታስሮ ኖረ። ልብ ወለድ ነው፤ ነገር ግን ደራሲው ያወቁት አገር እውነተኛ ነው። ስለት፣ ጠበል፣ ክታብ፣ አውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራ፣ ይህ ሁሉ ምንም ከማያደርጉ የሆነ ነገር ለማድረግ የሚሹ ወላጆች መንገድ ነበር። ባዶ እጅ ከመቀመጥ ይሻላል። ክፋቱ መልሱ ነው። ደብተራው መጽሐፉን ገልጦ የሚያወጣው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያችው ሴት ይመለሳል።

እንግዲህ ጎጃሜን «ኋላ ቀር» ብሎ ለመፍረድ የቸኮለ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሥ። ያንኑ ክስ ካባ የለበሱ ፕሮፌሰሮች በአሜሪካ ሲያነቡት ኖረዋልና።

እ.ኤ.አ. በ1943 በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበሩት ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች፣ 8 ወንዶችና 3 ሴቶች፣ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ኦቲዝም ዛሬ በያዘው ትርጉም በዓለም ዘንድ መታወቅ የጀመረው ከዚህ ጽሑፍ ወዲህ ነው። በዓመቱ ሐንስ አስፐርገር በቪየና ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። ካነር ልጆቹ ሲወለዱ ጀምሮ እንዲህ እንደነበሩ በግልጽ አስፍረው ሳለ፣ ወላጆቻቸው ሞቅ ያለ ፍቅር የማያሳዩ ናቸው የምትል አስተያየትም ጣል አደረጉ። ያቺ አስተያየት እያደር አደገች። እንደ ማቀዝቀዣ ሣጥን የበረደች እናት ልጇን ወደ ኦቲዝም ትገፋዋለች ተባለ። በቺካጎ ብሩኖ ቤተልሃይም የተባሉ፣ ራሳቸው ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ የተረፉ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፍ ይህንኑ አጸኑት። ልጁን ከእናቱ መነጠል እንደ ሕክምና ተቆጠረ። በቀትር ወንዝ የወረደች ጎጃሜና ፍቅር ነፈገች የተባለች አሜሪካዊት ውቅያኖስ ይለያቸው እንጂ የቆሙት በአንድ ችሎት ፊት ነበር። አንዷን የከሰሳት ጋኔን ጠሪ ሲሆን ሌላዋን የከሰሳት ዲግሪ ያለው ሰው መሆኑ ለተከሳሿ ምን ልዩነት እንዳለው አይገባኝም። እንዲያውም የሁለተኛው ይብሳል፤ ይግባኝ የሚባልበት የለም።

ክሱን ያፈረሱት ወላጆች ናቸው። በለንደን የአእምሮ ሐኪሟ ሎርና ዊንግ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1962 ማኅበር አቋቋሙ። በአሜሪካ በርናርድ ሪምላንድ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር፣ እሳቸውም አባት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት መጽሐፍ ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠር እንጂ ከእናት ጠባይ የመጣ እንዳልሆነ ተከራከሩ፤ በዓመቱም የወላጆች ማኅበር ተመሠረተ። ካነር ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1969 በዚያ ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆመው ወላጆችን ከጥፋት ነጻ ማውጣታቸውን ተናገሩ። እንደ ዳኛ። የኋላ ኋላ የመጣው ምርምርም ያንኑ ፍርድ አጸና፤ ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው፣ በዘር የሚተላለፈው ድርሻ ከፍተኛ ነው፣ አስተዳደግ አያመጣውም።

ከካነር 11 ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የእሱን ነገር ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ባወራ አንባቢ አይከፋኝም ብዬ አምናለሁ፤ ለደጋ ገበሬ ከየትኛውም የሐኪም መጽሐፍ የሚቀርብ ነውና። ገና በሦስት ዓመቱ ሐኪሞች ከቤት እንዲወጣ መክረው ተቋም ውስጥ አስገብተውት ነበር፤ ወላጆቹ ግን ብዙም ሳይቆይ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1942 ከቤታቸው 10 ማይል ያህል ርቀው ከሚኖሩ ጭሰኛ ባልና ሚስት ዘንድ አስቀመጡት። ባልና ሚስቱ የሥነ ልቦና ትምህርት አልነበራቸውም። ልጁ ነገር መለካት ይወዳል፤ እንግዲያው ጉድጓድ ቆፍር፣ ጥልቀቱንም ለክተህ ንገረን አሉት። የሞቱ ወፎችና ነፍሳት ይሰበስባል፤ መቃብር ቦታ ሰጥተው በየመቃብሩ ላይ ምልክት እንዲተክል አደረጉት። የበቆሎ መደብ ደጋግሞ ይቆጥራል፤ ቁጠር፣ ግን እያረስህ ቁጠር አሉት። ካነር ሊጠይቁት ሄደው ሳለ ልጁ ፈረሱንና ማረሻውን እንዴት አድርጎ እንደሚያዞር አይተው ተደነቁ፤ የባልና ሚስቱን ጥበብም ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጽሑፍ አመሰገኑ። ዶናልድ ኮሌጅ ጨረሰ፣ በተወለደባት ከተማ ባንክ ውስጥ ሠራ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ ብዙ አገር ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ ሞተ። ቤተሰቡ ባለጸጋ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ብዙ ነገር በገንዘብ ተችሏል። እርሻው ላይ የሆነው ግን በገንዘብ አልሆነም። ያን ሳነብ አውድማው ዳር ቆሞ ዙር ይቆጥር የነበረው የሰፈሬ ልጅ ትዝ አለኝ። አንድ ሰው ጅራፉን ሰጥቶት «እያዞርህ ቁጠር» ብሎት ቢሆን ኖሮ?

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ ያው ነው፤ የሚጀምረው ከአንዲት እናት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአሜሪካ ኖረው ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ኒያና የሚባል የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፈቱ። ልጃቸው ጆጆ ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚቀበለውና የሚረዳው ትምህርት ቤት አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የተባለውን ማዕከል አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሥራቸው ማስተማር ብቻ አልነበረም፤ በራዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበው «የእኔ ልጅ ነው፤ እርግማን አይደለም» ማለት ነበር። የተከሳሽነቱን ወንበር ትተው በአደባባይ ቆሙ ማለት ነው። ብዙ እናት ልጇን ከጓዳ ያወጣችው ያንን አይታ ነው። ቃል ለማይወጣቸው ልጆች ማስተማሪያ በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ዘዴም ቀምረዋል። ወይዘሮ ዘሚ በ2012 ዓ.ም. አረፉ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ነህምያ የተባለውን ማዕከል አዲስ አበባ ውስጥ ከፍተዋል። እዚህም እንደ ለንደኑ ወላጅ ቀደመ፤ መንግሥትና ዩኒቨርሲቲ ኋላ ተከተሉ።

ክሱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ በቁጥር የሚያሳይ ጥናትም አለን። ደጀኔ ጥላሁንና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ያገኟቸውን 102 አሳዳጊዎች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱን አሳተሙ። ልጆቹ ኦቲዝም ወይም ሌላ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ናቸው። ከአሳዳጊዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ምክንያቱ የመንፈስ ልክፍት ነው አሉ፤ ከሩብ የሚበልጡት ኃጢአት ነው አሉ፤ 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። ይህ እንግዲህ ከክሊኒክ ደጅ የደረሰ የከተማ ሰው ነው። ምን ጎደላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ የመለሱት አንድ ነው፤ ትምህርት። ከመድኃኒትም ከገንዘብም በፊት፣ ልጄ የሚማርበት።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። ለእኔ ግን ርቀቱን ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የሚያሳየኝ አንድ ቃል ነው። አዲስ አበቤ «አማኑኤል» ሲባል የሚታየው በጣሊያን ዘመን የተመሠረተው የአእምሮ ሆስፒታል ነው። የማርቆስ ሰው «አማኑኤል ሄደ» ሲባል ወደ ደምበጫ መንገድ ያለችውን የማቻከል ከተማ ነው የሚያስበው፤ ገበያ ወጣ ማለት ነው። ስለ ልጅ አእምሮ የሚያውቅ ሐኪም ለማግኘት የደጋ እናት ለብዙ ዘመን ማሰብ የነበረባት አንደኛውን አማኑኤልና መሰሎቹን ነው። የአውቶቡስ፣ የማደሪያ፣ የምግብ ወጪ፤ የሰው ጫጫታ የሚያስጮኸውን ልጅ ይዞ መናኸሪያ ውስጥ መዋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞር ብሎ «አንቺ፣ ልጅሽን ያዢ እንጂ» ሲላት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሳው ጦርነት መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሲዘጉ፣ ያም ተስፋ ጠበበ። የጥይት ድምፅ ለእነዚህ ልጆች ምን እንደሆነ አንባቢ ከከበሮው ይገምት።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። በዚህ ስሌት 5,000 ሰው ባለበት አንድ የገጠር ቀበሌ 40 ገደማ መኖራቸው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ ጨርሶ አይናገርም፣ ሌላው ሲናገር አያቆምም፤ አንዱ ራሱን ችሎ ያርሳል፣ ሌላው ሰው ካላጎረሰው አይበላም። ለ40ዎቹ በየቀበሌው ማዕከል ይሠራ ማለት ቀልድ ይሆናል። ጥያቄው እዚያው ያለው ነገር ምን ሊሆን ይችላል ነው።

አንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለመጸዳጃና ለክትባት የታሰበ ነበር፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ ቁጥራቸው በአገሪቱ ከ30,000 በላይ ደርሷል። በየቤቱ የሚገቡት እነሱ ናቸው፤ ጓዳ ውስጥ ያለውን ልጅ ሊያይ የሚችል ከእነሱ የቀረበ የመንግሥት ሰው የለም። ስለ ሕፃናት አእምሮ ዕድገት እነሱን በቪዲዮና በጽሑፍ የማሠልጠን ሙከራ በአገራችን ተደርጓል። ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአዲስ አበባና በቡታጅራ የተሞከረው የአሳዳጊዎች ሥልጠና ነው። 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው ያለው፤ የሚሰጠውም ልዩ ሐኪም ባልሆነ ሰው ነው። ጥሩነቱ መጫወቻ ግዙ፣ ክፍል ሥሩ አለማለቱ ነው። ቤት ውስጥ ባለው ነገር፣ በየቀኑ በሚሠራው ሥራ ልጁን አሳትፉት ይላል።

ይህ በጎጃም ቤት ምን ይመስላል? ቡና እናንሳ። ቡና በየቀኑ በአንድ ሥርዓት ይፈላል፤ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ነገር ሲለዋወጥበት ለሚጨነቅ ልጅ ከዚህ የተሻለ የታወቀ ነገር የለም። ስኒ መደርደር የሚወድ ከሆነ ስኒ ደርዳሪው እሱ ይሁን። እናት አንዱን ስኒ በእጇ ይዛ ትጠብቅ፤ ቀና ብሎ ሲያያት ትስጠው። ያቺ ቀና ማለት ለእኛ ምንም አይደለችም፤ ለእሱ ግን ንግግር ናት። ነገ «ስኒ» ብላ ትስጠው፤ ከወር በኋላ «ስ» ሊል ይችላል፤ ላይልም ይችላል፤ ባይልም በእጁ ማሳየት ይማራል። ሲጮህ ከመምታት በፊት ምን እንዳስጮኸው መፈለግ፤ ጭሱ ነው? የሰው ብዛት ነው? ጥርሱን አሞት ነው? በዱላ ዝም ያለ ልጅ የለመደው ዝምታን ሳይሆን ፍርሃትን ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው። ለኦቲዝም መድኃኒት ባይኖረውም ለሚጥለው በሽታ አለው። ልጁ በወደቀ ቁጥር ክብሪት የሚጭሩለት ወላጆች ይህን ቢያውቁ ሕይወት ይተርፋል።

ስለ ጠበል ሳላነሳ ባልፍ ጎጃሜ አይሰማኝም። ጠበሉን ትተሽ ክሊኒክ ሂጂ የሚል ባለሙያ እናቲቱን ያጣታል፤ በዚያች ቀን ሁለቱንም ታጣለች። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ብዙ ሰው ኪኒኑን ይዞ ጠበል መግባት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ የንስሐ አባት ለአንዲት እናት «ልጄ፣ ይህ ኃጢአትሽ አይደለም» ቢላት ካነር እ.ኤ.አ. በ1969 ከተናገሩት በላይ ይሰማታል። ልጅን በሰንሰለት አስሮ ጠበል ቦታ ማክረምን ግን በምንም ስም ልሸፋፍነው አልችልም።

ትምህርትን በተመለከተ አንዳንዴ የማስበው ነገር አለ። የዋሸራ፣ የዲማ፣ የደብረ ኤልያስ አገር የአብነት ትምህርት ከዘመናዊው ክፍል የሚለይበት ጠባይ አለው። ተማሪው ለብቻው ይቀጽላል፤ አንዱን ነገር በአንድ ዜማ እስኪያውቀው ይደጋግማል፤ ሳያውቀው ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ዓመቱ አለቀ ተብሎ አይባረርም። ዓይነ ስውር መሪጌታ በጎጃም ብርቅ ያልሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ለአንዳንድ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ይህ 60 ልጅ ከታጨቀበት ክፍል ይመቸው ይሆናል። ነገር ግን አለንጋው፣ ብርዱ፣ የውሻው ንክሻ፣ ቁራሽ ልመናው አብሮ አለ፤ እኔም ያንን አልረሳሁም። ልንወስደው የሚገባን አካሄዱን ነው። ለአንድ ልጅ በልኩ መስጠት እንደሚቻል የኔታ ያውቁ ነበር፤ መምህራን ማሠልጠኛው ነው የረሳው።

ባለፈው ዓመት ከማርቆስ ወጣ ብላ ከምትኖር አንዲት እናት ጋር ቁጭ ብዬ ነበር። ልጇ 19 ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፤ ከብት ግን ይጠብቃል፤ አንዲት ጥጃ ብትጎድል ያውቃል። ስለ ምክንያቱ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላነሳችውም። የምትጨነቀው በሌላ ነገር ነበር። «ወንድም ዓለም፣ እኔ የሞትሁ እንደሆን መሬቱን የሚያርሰው አይጠፋም» አለችኝ። «እሱን ማን ይይዝልኛል?» ታናሽ ወንድሟ ከወንዙ ማዶ ይኖራል፤ እሺ ብሏታል። ልጁ ግን ከራሱ መደብ ሌላ ቦታ ተኝቶ አያውቅም። ስለዚህ ዘንድሮ ሳትሞት ማለማመድ ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወስዳው እዚያ ታሳድረዋለች፤ ያው ጋቢ፣ ያው ዋንጫ፣ ያው የምድጃ ጥግ። የመጀመሪያውን ሌሊት አጎቱም ሚስቱም ሳይተኙ ነው የነጋው፤ ሲጮህ አደረ። በሁለተኛው ቅዳሜም ጮኸ። ሦስተኛውን እኩለ ሌሊት ላይ አቆመ። እኔ በሄድኩበት ቅዳሜ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከብቶቹን አስገባ፣ ቆጠራቸው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለና በሩ ላይ ቆሞ እናቱን ይጠብቅ ጀመር።